ድንገተኛ ብቻ

ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤
በራሴ እስክሪብቶ፣ እጄን ሳያመኝ፤
«ከዛሬ ጀምሮ ድንገተኛ ብቻ»፤
በሩ ላይ ለጠፍኩት፣ ፕላስተሩን ዳርቻ ለዳርቻ።
አዛዥ ነበረኝ፣ አልዋሽም፤
ፊደሉን እንዳሳምር ግን ማንም አላዘዘኝም።

መጋቢት ነበር፤ መናኸሪያው ጭር ያለበት፣
ከደባርቅ የሚመጣው አውቶቡስ የቀረበት፣
የጥርስ መሰርሰሪያ የሚረጨው ውሃ
ከጥይት ይልቅ የተፈራበት።
ወንበሩን አለበስኩት አንሶላ፣
እንደ ሬሳ፣ ከራስጌ እስከ ኋላ፤
ያችን ሳንቲም የምታህል መስተዋት
በጥጥ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አኖርኳት።
ጉንጩ ያበጠ መጣ፣ አስገባነው፤
ሌሊቱን ሲጮህ ያደረ መጣ፣ ነቀልንለት፤
የሚጮህ ጥርስ ገባ፣
የማይጮኸው ከበር ተመለሰ።

አራዳ፣ በልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ፣
ጋሽ አዛናው ሲንጀሩን ይረግጣል፤
ከትራስ ጨርቅ፣ ከተረፈ ሸሚዝ፣
የከተማውን አፍ ለክቶ ይቆርጣል።
«ኮት መስፋት ቀረ» ይለኛል፣ «ሙሽራም የለ፣ ሠርግም የለ፤
ይኸው አፍ መስፋት ሆነ ሙያዬ፤ እንጀራ ነው፣ ምን ተባለ?»
ይስቃል። ሳቁን ዓይኑ ላይ ብቻ ነው የማየው፤
የቀረውን ራሱ የሰፋው ጨርቅ ሸፈነው።

አሥር ገዛሁ፣ አንዱን በአሥራ አምስት ብር።
መልሴን በረጅሙ እጁን ዘርግቶ እየሰጠኝ፣
«ልጄ» አለ፣ «ምላሴ ጎን ነጭ ነገር አለች፤
አታመኝም፣ አትደማም፣ ዝም ብላ ተቀምጣለች።
በጉብዝናዬ መተማ ሰሊጥ ሳጭድ፣
የሱዳኑን ትምባሆ ከከንፈሬ ሥር እወትፍ ነበር፤
እሱ ይሆን?»
«ታምሃለች?»
«ኧረ ምንም።»
«እንግዲያ ድንገተኛ አይደለችም፤
ሲከፈት ብቅ በል።»

ጭምብልህን ዝቅ አድርግ አላልኩም።
የስልኬ መብራት ኪሴ ውስጥ ነበር።
ግማሽ ደቂቃ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ።
ይህን ያለ ሰው የአፍ ቁስል አላየም፤
ቁስሉ ዝምታውን ነው የሚበላው፣
በዝምታ ነው የሚሰፋው።

ክረምት መጣ፤ ቀሃ ሞላ፣ ደግሞ ጎደለ፤
እሱ በጨው ውሃ ተጉመጠመጠ፣ ቁርንፉድ አኘከ፤
ልጁ ትርንጎ «አባዬ፣ ምነው ጉርሻህ አነሰ?» ስትለው
በርበሬውን ወቀሰ።

ጥቅምት ላይ አንሶላውን ገፈፍኩ።
ሦስተኛው ተራ የሱ ነበር።
አፉን ሲከፍት፣ መብራቱን ሳላበራ ገባኝ፤
የቁስሉ ጠርዝ እንደ ኮት አንገትጌ ደድሯል፤
ከመንጋጋው ሥር ጣቴ ቁልፍ የሚያህል እብጠት አገኘ፣
ቁልፍ፣ ግን የማይፈታ።
«አሁንስ» አለኝ፣ «ድንገተኛ ሆነች?»
ሊወቅሰኝ አልነበረም፤
ኮቱ ደርሶ እንደሆነ እንደሚጠይቅ ደንበኛ ነው
የጠየቀኝ።

ሪፈር ጻፍኩ። ፊደሌ አላማረም።
አዲስ አበባ ወረፋው ረዘመ፤ ትርንጎ ሁለት ጊዜ በግ ሸጠች፤
ጨርቅ ሲቆርጥ የኖረ ሰው
ከምላሱ ግማሹን አስቆርጦ መጣ።

አሁን አያወራም፤ ይሰፋል።
ቅዳሜ፣ ገበያው ሲሞላ፣
ከሲንጀሩ አጠገብ ዱካ ያወጣልኛል፤
መስተዋቷን ከጥጧ ፈትቼ እቀመጣለሁ።
እሱ ሜትሩን ካንገቱ እንዳንጠለጠለ
የመንገደኛውን እጅጌ ይይዛል፤
በጣቱ መጀመሪያ ወደ ራሱ አፍ፣
ቀጥሎ ወደኔ።
አንዱ ይቀመጣል፣ አፉን ይከፍታል፤
ሌላው «እኔን ምንም አያመኝም» ብሎ ያልፋል።

ይህኛውን
ጋሽ አዛናው ሥራውን ትቶ
እስከ ጫማ ጠጋኞቹ ድረስ ይከተለዋል።